ላለማደግ

ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ቡድኑ ሲሸነፍበት ነው። ዙቤዳን ግን እንቅልፍ የነሳት የቡድኗ ማሸነፍ መብዛቱ ነበር። ምን ይደረጋል፣ በዚህ አገር ደስታም ቢሆን ወረቀት ይዞ ካልመጣ ጣጣ ነው።

ዙቤዳ ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት አባያ ስትሰፋ ትውላለች። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ማጎንበስ ወገብ አይተውም፣ እግሯም ያብጣል። ያም ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ላይ የሐበሻ ሴት ልጆችን ኳስ ታሠለጥናለች። ማንም ነይ ብሎ አልለመናትም። ኮምቦልቻ እያለች ለፋብሪካ ቡድን ትጫወት ነበር፤ ያ ነገር አንዴ ከገባ ከደም አይወጣም። «ይሄ ወገቤ አንድ ቀን እዚሁ ሜዳ ላይ ይቀራል» እያለች ትመጣለች፤ ግን ትመጣለች።

ልጆቹ የሚጫወቱት የከተማው ታዳጊ ሴቶች በሚወዳደሩበት ሊግ ነው። ሕጉን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ደረጃ አለ፤ ላይኛውና ታችኛው። ዓመቱ ሲያልቅ ከላይኛው ጭራ የሆኑት ሁለት ቡድኖች ይወርዳሉ፤ ከታችኛው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ደግሞ በእነሱ ቦታ ያድጋሉ። ታች ያለው ዓመቱን ሙሉ ማደግን ሲያልም፣ ላይ ያለው መውረድን ሲፈራ ይከርማል። አላድግም፣ እዚሁ ይመቸኛል የሚል ቡድን ቢመጣስ? እሱማ ዓመት ሙሉ ከውድድር ይታገዳል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ቡድን ለምን እንዲህ ሊል እንደሚችል ግን ጠይቀው የሚያውቁ አይመስልም።

የዙቤዳ ቡድን ታችኛው ላይ ሁለተኛ ነበር። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ እሱም በአንድ ነጥብ ብቻ ከሚከተላቸው ከሱዳን ልጆች ቡድን ጋር። ካሸነፉ ያድጋሉ፣ እኩል ለእኩል ቢወጡም ያድጋሉ። ከተሸነፉ ሱዳኖቹ ያድጋሉ፣ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ልጆቹ ይህችን ስሌት ከትምህርት ቤት ሒሳባቸው አብልጠው ያውቋታል።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ከሊጉ አዘጋጆች መልእክት የመጣው። ላይኛው ደረጃ ላይ እያንዳንዷ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ ታወጣለች፤ ካርዱ የሚወጣው በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ካርድ የሌላት ልጅ ከሜዳው አጥር ውስጥ አትገባም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አትቀመጥም። ታችኛው ላይ ስምና ዕድሜ ከተናገርሽ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅሽ የለም። ዙቤዳ ማሽኑን አቁማ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሦስት ልጆች አሏት። ሁለቱ በቅርብ የመጡ ናቸው፣ ነገ ሌላ ጨዋታ ያገኛሉ። ሦስተኛዋ ግን ለይላ ናት።

ለይላ ማለት ደግሞ ቡድኑ ማለት ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ስስ ናት፣ ሩጫም ላይ እዚህ ግባ አትባልም። ግን ታያለች። ኳሱ ገና ሳይመጣ የት እንደሚሄድ ታውቃለች፣ ያወቀችውንም ሆዷ ውስጥ አታስቀምጥም፤ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አፏ አያርፍም። «ሜሉ ግቢ፣ ሶሲ ተመለሺ፣ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ» ስትል ትውላለች። ሌሎቹ ልጆች አንዳንዴ ይበሳጩባታል፣ ከዚያ ግን ያለችውን ያደርጋሉ፤ ያለችው ልክ ነዋ።

እናቷ ሚስኪ ከወሎ ለሰው ቤት ሥራ የመጣች ናት። ካስመጣት አሠሪ፣ ከከፊሏ ቤት ያየችውን አይታ ወጣች፣ እሱም ጠፋችብኝ ብሎ አስመዘገባት፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር አታውቅም። ለይላ የተወለደችው እዚሁ ሪያድ ነው። አገሯን በስልክ ነው የምታውቀው። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ፣ እዚህ የለችም።

በሪያድ ሐበሻ መካከል ያልተጻፈ ሕግ አለ። የሰው ደመወዝ ይጠየቃል። የሰው ትዳር ይጠየቃል፣ ለምን ወፈርሽም ይባላል። የሰው ኢቃማ ግን አይጠየቅም፣ ቢታወቅም አይወራም። የአንዱ ገመና ከአፍ ካመለጠ ቀኑ ሳይመሽ ወረቀት የሌለውን የሚያድነው ጀዋዛት ጆሮ ይደርሳል ብሎ ሁሉም ይፈራል። ስለዚህ ዙቤዳ ያን መልእክት ይዛ የምታማክረው ሰው አልነበራትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሰነበተች፣ ሆዷም ፈጀው።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ዑድ ሰፈር ወረደች። ሚስኪና ልጇ ሌሎች ሴቶች በሚኖሩበት ቤት፣ በመጋረጃ የተከፈለች ጥግ ናት ያለቻቸው። ሚስኪ ሰው ቤት አጽድታ መግባቷ ነው፤ እጇ በበረኪና ተልጦ ቅባት እየቀባችው ነበር።

ዙቤዳን ስታይ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ተያዘ?» የሚል ነው።

«ማንም አልተያዘም። ልጆቹ ሊያድጉ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ፊት ምንድነው እህቴ? ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ።»

ዙቤዳ ቁጭ ብላ ነገረቻት። ካርዱን፣ ፎቶውን፣ አጥሩን። ሚስኪ እጇን መቀባቱን አቆመች።

«በሰው ኢቃማ ብናደርገውስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ፎቶ አለበት ሚስኪዬ። ቢያውቁ ደግሞ መጀመሪያ የሚሉት እናትሽን ጥሪ ነው።»

ሚስኪ ብዙ አላሰበችም። እንዲህ ያለውን ነገር ስታስብ ነው የኖረችው። «ኸላስ» አለች። «ይቅርባት። ለኳስ ብዬ ተርሒል ገብቼ አገሬ አልጠረዝም። እስካሁን የተጫወተችውም ይበቃታል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቃሉን ስትጨርስ መጋረጃው ተገለጠ። ለይላ ደብተሯን ይዛ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። በአንድ መጋረጃ ቤት ውስጥ ምስጢር ማውራትም ሞኝነት ነው። ዙቤዳ ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። ልጅቱ ግን ሜዳ ላይ የምታሳየውን ፊት ነው ያሳየችው፣ ክፍተት ስትፈልግ የምታሳየውን።

«ብንሸነፍስ?» አለች።

«ምን?»

«ብንሸነፍ አናድግም። ካላደግን ማንም ካርድ አይጠይቀንም። እኔ ካልገባሁ ደግሞ እንሸነፋለን።»

ጉራ አልነበረም፤ ዝናብ ከዘነበ እንረጥባለን እንደማለት ነው የተናገረችው። እውነቷንም ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች ሚስኪ። «ዝም በይ አንቺ፣ ትልልቅ ሰዎች እናውራበት።»

«ሶስናስ?» አለች ዙቤዳ ለልጅቱ። «ሜላትስ? ዓመቱን ሙሉ የለፉት ለዚህ አይደለም?»

«እነሱም ቢሆኑ ከእኔ ጋር ነው መጫወት የሚፈልጉት። ጠይቂያቸው። እ... አትጠይቂያቸው ግን።»

እዚህ ላይ ዙቤዳ አይሆንም ማለት ነበረባት። አሠልጣኝ ልጆቿን አታሸንፉ ብላ ሜዳ አታስገባም፣ ይህን ኮምቦልቻ ያለ የኳስ አቀባይም ያውቀዋል። ግን ደክሟት ነበር። ወረቀት ያለውንና የሌለውን ስትለይ መኖር ደክሟት ነበር፣ ደግሞ ልጅቱን ትወዳታለች፣ መውደድ ከደከመው ሰው ጋር ሲገናኝ ጥሩ ምክር አይወጣውም። ሚስኪን አየቻት። ሚስኪ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ጉልበቴን አሞኛል በዪ» አለች ዙቤዳ በመጨረሻ። «ቆንጆ አድርጌ አስርልሻለሁ።»

አርብ ከሰዓት ደርበው ልጆቹን በሚኒባሱ ጭኖ መጣ። ደርበው ጎጃሜ ነው፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰናኢያ፣ ፋብሪካዎቹ ሰፈር ሠራተኛ ሲያመላልስ የሚውል። አርብ አርብ ግን ልጆቹን በነጻ ያመላልሳል፤ በረኛዋና አምበሏ ሶስና የእሱ ልጅ ናትና። ላይኛው ደረጃ ላይ የክለብ አሠልጣኞች እየመጡ ልጆች እንደሚያዩ ሰምቷል። ከሰማ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

የለይላን የታሰረ ጉልበት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?» አለ። «እንዲያው እታለም፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ጉልበት አላት ብሎ ነው የሚያማት? ጉልበት የሚታመመው እንደኔ መሪ ሲያቅፍ የኖረ ሰው ነው።»

«ልምምድ ላይ ነው የዞረባት» አለች ዙቤዳ፣ ዐይኑን ሳታይ።

«በይ እንግዲህ፣ ያለሷም ቢሆን እግዜር ያውቃል። ሶሲዬ፣ ዛሬ በሩን እንደ ባንክ በር አድርጊው» አለ ልጁን። ሶስና ሳቀች። ዙቤዳ ግን ያን ሳቅ ማየት ስላልቻለች ኳሶቹን ለመቁጠር ጎንበስ አለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሙቀቱ ገና ከሣሩ አልወጣም፤ ልጆቹ አሥር ደቂቃ ሳይሮጡ ፊታቸው በላብ ራሰ። ሱዳኖቹ ጠንካሮች ነበሩ፣ በተለይ አንዲት ረዥም ተከላካያቸው ማንንም አታሳልፍም። የባዲዓዎቹ ልጆች ያለ ለይላ ግራ ገባቸው። ኳስ ይይዛሉ፣ ከዚያ ማን ምን እንደሚላቸው ይጠብቃሉ፤ የሚላቸው የለም። ብዙ ሳይቆይ ሱዳኖቹ አገቡ። ሶስና መሬት ላይ ተዘርራ ኳሱን በዐይኗ ተከተለችው።

ለይላ ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ከዙቤዳ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀምጣባቸዋለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ዙቤዳ ልጅቱ ያየችውን እሷም አይታለች። ያቺ ረዥሟ ተከላካይ ኳስ ባየች ቁጥር ወደፊት ትወጣለች፣ ከጀርባዋ ደግሞ በር የሚያህል ክፍተት ይቀራል። አንድ ሰው ለሜላት ከኋላዋ ግቢ ቢላት አለቀ። ሜላት ፈጣን ናት፣ ግን ኳስ እንጂ ሜዳ አታይም። ዙቤዳና ለይላ ጎን ለጎን ሆነው አንድ እውነት እያዩ ዝም አሉ።

ዕረፍት ላይ ልጆቹ ዙሪያዋን ከበቧት። እያለከለኩ፣ ራሳቸው ላይ ውሃ እያፈሰሱ፣ ዐይናቸው እሷ ላይ ነው።

«አይዟችሁ» አለች ዙቤዳ። «ሩጡ። ተስፋ አትቁረጡ።»

ሶስና ትንሽ ጠበቀች፣ ሌላ ነገር ይከተላል ብላ። «ኮች፣ በቃ? እሱን ብቻ ነው የምትዪን?» አለቻት።

«አዎ» አለች ዙቤዳ። አፈረች። በሃያ ምናምን ዓመት የኳስ ዕውቀቷ መንገደኛ ሊላቸው የሚችለውን ነገር አለቻቸው፤ እንዲያ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ልጆቹ ተነስተው ሄዱ። ሶስና ስታልፍ የለይላን ራስ ደበስ አድርጋ፣ «አብሽሪ፣ ለአንቺ ስንል እናደርገዋለን» አለቻት፤ አባቷ ጎጃሜ ይሁን እንጂ ያደገችው ከወሎዬዎች ጋር ነው። ለይላ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሁለተኛው አጋማሽ ረዘመ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቡድኗ እንዲሸነፍ የምትመኝ አሠልጣኝ ሰዓቷን ስታይ። የልጆቹ እግር ዛለ፣ ሱዳኖቹም ደክሟቸው ውጤታቸውን ማስጠበቅ ያዙ። ደርበው ከአጥሩ ውጭ ሽቦውን ጨብጦ ቆሟል፤ መጮኽ አቁሟል። ዙቤዳ በልቧ፣ በቃ ይለቅ፣ አሁን ይለቅ ትላለች። ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያኔ ሶስና ኳሱን ያዘችና በእጇ ወደ መሀል ወረወረችው። ሜላት እግር ሥር ገባ። ረዥሟ ተከላካይ እንደ ልማዷ ወጣች፣ ክፍተቱ ወለል አለ። ሜላትም እንደ ልማዷ ኳሱን ይዛ በቀጥታ ወደ ረዥሟ ልጅ ልትሄድ ነው፣ ልትቀማ።

«ሜሉ፣ ከኋላዋ!» 

ለይላ ናት። እጆቿ ከጭኖቿ ሥር መቼ እንደወጡ፣ መቼ እንደተነሳች ዙቤዳ አላየችም። «ስጪና ግቢ፣ ከኋላዋ ግቢ!»

ሜላት ድምፁን ስትሰማ አላሰበችም። ዓመቱን ሙሉ እንዳደረገችው አደረገች። ኳሱን ለጓደኛዋ ሰጠች፣ ረዥሟን ልጅ ዞረቻት፣ ኳሱም መልሶ እግሯ ሥር መጣላት። ከፊቷ በረኛዋ ብቻ ናት። መታችው፣ ገባ።

ለይላ በታሰረ ጉልበቷ ዘለለች። ሁለት እጇን አንስታ ሁለቴ ዘለለች። ሦስተኛውን ስትዘል በአየር ላይ እንዳለች ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ መሬት ስትመለስ ሌላ ልጅ ሆና ነው የተመለሰችው። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ዳኛዋ ነፋች። አንድ ለአንድ። አደጉ።

ልጆቹ እየጮኹ መጥተው ለይላ ላይ ወደቁባት። አንዷ ትስማታለች፣ አንዷ ጸጉሯን ትጎትታለች። ሜላት «ሰማሁሽ እኮ፣ ሰማሁሽ እኮ» ትላለች እያለቀሰች። ለይላ ከሥራቸው ሆና ትስቃለች። ትስቃለች ካልን ነው እንግዲህ፣ ጥርሷ ይታይ ነበር።

ደርበው በበሩ በኩል እየሮጠ ገባ። «ወጣን እታለም፣ ወጣን! ቀዳሚት ጠዋት የልጆቹን ኢቃማ ሰብስበሽ ስጪኝ፣ እኔ እራሴ አዘጋጆቹ ጋ አደርሰዋለሁ። ላይኛው ላይ ካርድ ነው አሉ...» ብሎ ጀመረና የዙቤዳን ፊት አየ። ከዚያ ለይላን አየ። የታሰረውን ጉልበት አየ፣ የዘለለችበትን ጉልበት። ሪያድ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ አይነገረውም። አፉ ውስጥ የነበረውን ቃል ዋጠው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የሰው ገመና በምን አፌ አወራለሁ ደርበው?»

«ነግረሽኝ ቢሆን...» አለና ተወው። ነግራው ቢሆን ምን ሊያደርግ ነበር? ልጁን ተሸነፊ ሊላት ነው? እሱም አላወቀውም። «በይ መኪናው ጋ ነኝ» ብሎ ቆቡን አውልቆ እያራገበ ሄደ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። ሜዳው ላይ ዙቤዳ ኳስ ስትለቅም፣ ለይላ ወንበሩ ላይ የጉልበቷን ፋሻ ስትፈታ ቀሩ። ዙቤዳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ወገቧ አቃሰተ። የምትለው ነገር ፈለገች፤ አላህ ያውቃል ልትል፣ በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ ልትል። ሁለቱንም ጠላቻቸው።

«ኮች» አለች ለይላ። «እኔ ነኝ አይደል?»

ዙቤዳ ልትዋሻት ትችል ነበር። ሜላት ያለአንቺም ታገባው ነበር ልትላት ትችል ነበር። ግን ልጅቱ ኳስ ታውቃለች፣ እንዲህ ያለ ውሸት አታምንም፣ ደግሞም ጎሏን መቀማት ነው።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለቻት።

ለይላ ፋሻውን ጠቅልላ እጇ ላይ ያዘችው። ቅርሷን እንዳሳዩዋት ሰው ትንሽ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። ከአጥሩ ውጭ ልጆቹ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ፤ የደርበው ጥሩንባ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

«ሜሉ ግን ሜዳ አታይም» አለች ለይላ። «ላይኛው ላይ ማን ነው የሚነግራት?»